ሁለት ጊዜ ተመልሰው የደረሱት መንገደኛ
የኦኔሲሞስ ነሲብ የሕይወት ታሪክ

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ተራራማ ከተሞች የክረምቱ ወራት ሲገባ የሚደረግ አንድ ዐይነት የፊልም ምሽት አለ። የከተማው ሰው ካፖርቱን ደርቦ በአንድ አዳራሽ ይሰበሰባል፤ መብራቱ ይጠፋል፤ በሸራውም ላይ መንገድና መኪና በሌለበት፣ በረዶ ከእግር እስከ ራሱ ባለበሰው ተራራ ላይ በገዛ እግራቸውና በገዛ ትንፋሻቸው የሚወጡ ሰዎች ይታያሉ። የምሽቱ ደንብ አንድ ነው፤ ሞተር የገፋው፣ ሽቦ የሳበው ጉዞ አይወደስበትም። የሚወደሰው ሰው በራሱ ጉልበት ደክሞ፣ ወድቆና ተነሥቶ የሄደው ጉዞ ብቻ ነው። ተመልካቹም ትዕይንቱ ካበቃ በኋላ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ የሰው እግር ምን ያህል ሩቅ ሊያደርስ እንደሚችል እያሰላሰለ ይሄዳል።

ይህ ነገር ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ መስሎ ሊታይ ይችላል። የወለጋ ተራሮች በረዶ አያውቁም። በደምቢ ዶሎ አጠገብ ከፍ ብሎ የሚታየው የቱሉ ወለል ተራራ እንኳ ከ3000 ሜትር በላይ ቢሆንም የሚለብሰው ጉም እንጂ አመዳይ አይደለም። ይሁን እንጂ ክረምት የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ከሌላው ያነሰ ክብደት የለውም። ለሰሜን ሰዎች ክረምት ማለት በረዶ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ለእኛ ደግሞ ዝናብ ነው። ነቀምቴ በዓመት ወደ 2000 ሚሊሜትር የሚጠጋ ዝናብ የምትቀበል ከተማ ናት። ዴዴሳና ገባሮቹ ሲሞሉ፣ ጭቃው የበቅሎን ጉልበት ሲይዝ፣ ድልድይ ባልነበረበት ዘመን መንገደኛ መስከረም እስኪጠባ ድረስ ከወንዝ ማዶ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ስለዚህ ጉዞ በሰው ጉልበት ብቻ ሲደረግ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማወቅ የወለጋ ሰው ወደ ባሕር ማዶ መመልከት አያስፈልገውም። በነቀምቴ ምድር ያረፉ አንድ ሰው የሕይወታቸውን አብዛኛውን ክፍል በእንዲህ ያለ ጉዞ አሳልፈዋል። በዛሬው የእሑድ ገጻችን የምናቀርበው የእኒህን ሰው፣ ማለት አባ ገመቺስ የሚባሉትን የኦኔሲሞስ ነሲብን ታሪክ ነው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሕፃኑ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ በተባለው ስፍራ አጠገብ ሲወለድ ወላጆቹ ሂካ ብለው ስም አወጡለት። ሂካ በኦሮምኛ ፈቺ፣ ተርጓሚ ማለት ነው። ወላጆቹ ይህን ስም ሲሰጡት የሚሆነውን ሊያውቁ አይችሉም ነበር፤ ዳሩ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ስሙ ሥራው ሆኖ ተገኘ።

ሂካ ገና የ4 ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሞተ። ዕድሜው ለዐሥራዎቹ ከደረሰ በኋላ በ1869 የባሪያ ነጋዴዎች ሰርቀው ወሰዱት። የመጀመሪያው ረጅም ጉዞው ይህ ነበር። ከኢሉባቦር ደን ተነሥቶ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ፣ ቀን ከቀን በእግሩ እየተነዳ ቀይ ባሕር ዳር ምጽዋ ደረሰ። ዛሬ በአዳራሽ ተቀምጠን የምናደንቃቸው ተራራ ወጪዎች መከራውን መርጠው የሚቀበሉት ነው፤ ሲደክማቸውም ሊመለሱ ይችላሉ። ይህ ልጅ ግን መሄድን አልመረጠም፤ መመለስም አይፈቀድለትም ነበር። በዚያው ዘመን በዚያው መንገድ ከተነዱት መካከል ስንቶቹ ባሕሩን ሳያዩ በመንገድ እንደ ቀሩ፣ ያዩትም ባሕሩን ተሻግረው እንደ ጠፉ ስናስብ፣ የአንዱ መትረፍ ምን ያህል ጠባብ ዕድል እንደ ነበረ እንረዳለን።

በ1870 በምጽዋ ይኖር የነበረው ስዊሳዊው ቬርነር ሙንዚንገር ልጁን ነጻ አወጣው፤ በአቅራቢያው በምትገኘው በእምኩሉ ለነበሩት የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን መምህራንም አስረከበው። በእምኩሉ ልጁ ፊደል ቆጠረ፤ ትምህርቱንም በትጋት ያዘ። በ1872 መጋቢት 31 ቀን፣ በትንሣኤ እሑድ ተጠመቀ፤ ኦኔሲሞስም ተባለ። የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢዎች እንደሚያውቁት ኦኔሲሞስ ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት የሚገኝ የአንድ ባሪያ ስም ነው፤ በግሪክኛ ትርጉሙ ጠቃሚ ማለት ነው። ከባርነት ለወጣ ልጅ የተመረጠው ስም በከንቱ አልነበረም።

መምህራኑ የወጣቱን ተሰጥዎ ተመልክተው በ1876 ወደ ስዊድን ላኩት። በስቶክሆልም በሚገኘው በዮሐኔሉንድ ትምህርት ቤት 5 ዓመት ተማሩ። ከምጽዋ ጠረፍ ቃጠሎ ወጥቶ ወደዚያ አገር መግባት ምን ያህል ለውጥ እንደ ሆነ መገመት ያስቸግራል። በስቶክሆልም በታኅሣሥ ወር የቀኑ ብርሃን ከ6 ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ምድሩ ለወራት በበረዶ ተሸፍኖ ይቆያል። የስዊድን ሕዝብ ግን በበረዶው ምክንያት ከቤቱ ተዘግቶ የሚኖር ሕዝብ አይደለም። በእግር ላይ በሚታሰር ረጅም የእንጨት መንሸራተቻ፣ ማለት በስኪ፣ በረዶውን ራሱን መንገድ አድርጎት ኖሯል። በሰሜን ስዊድን ካልቭትሬስክ በተባለው ስፍራ ከረግረግ ውስጥ የተገኘው ስኪ ከ5000 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው ተረጋግጧል። በ1922 የተጀመረውና ከሴለን እስከ ሙራ 90 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የቫሳ ሩጫም አንድ የአገሪቱ ባለታሪክ ከጠላት ሲሸሽ በበረዶ ያደረገውን ጉዞ የሚያስታውስ ነው። በዛሬዎቹ የክረምት ፊልሞች የምናየው ነገር ሥሩ እዚህ ነው፤ ለጨዋታ ከመሆኑ በፊት ድኻ ገበሬ ወደ ጎረቤቱ፣ ወደ ገበያውና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚሄድበት ዘዴ ነበር።

ኦኔሲሞስ ትምህርታቸውን ፈጽመው በ1881 ወደ ምጽዋ ተመለሱ፤ ምሕረት ኃይሉ የተባሉትንም ሴት አገቡ። ሐሳባቸው ግን በባሕሩ ዳር አልተቀመጠም። ወደ ወገኖቻቸው አገር ገብተው፣ በወገኖቻቸው ቋንቋ ለማስተማር ቆርጠው ነበር። በዚያን ጊዜ የውጭ አገር ሚስዮናውያን በኢትዮጵያ ውስጥ እንዳያልፉ ተከልክሎ ስለ ነበር፣ ጉዞው በሱዳን በኩል ዞሮ በዓባይ ሸለቆ ወደ ወለጋ እንዲገባ ታሰበ። በዚያው ዓመት ኦኔሲሞስ ከጓደኞቻቸው ጋር ተነሡ።

አንባቢ ካርታውን ይመልከት። ከቀይ ባሕር እስከ ካርቱም በረሓ ነው፤ ከካርቱም ወደ ላይ የዓባይን ዳር ይዞ የሚወጣው መንገድ ደግሞ ወባና ሙቀት የበዛበት ቆላ ነው። በዚያ አቅጣጫ ባቡር አልነበረም፤ ከእግር፣ ከእንስሳ ጀርባና ከጀልባ በቀር ሌላ መጓጓዣ አልተገኘም። መንገደኞቹ እስከ ፋማካ ድረስ ደረሱ። ፋማካ በዛሬው የኢትዮጵያና የሱዳን ወሰን አጠገብ፣ ከአሶሳ ብዙም የማይርቅ ስፍራ ነው። ከዚያ ወዲያ የወለጋ ደጋ በምሥራቅ በኩል ቀርቶ ነበር። ነገር ግን ማለፍ አልተቻለም። ኦኔሲሞስም በንዳድ ታመሙ። ተመልሰው በ1882 ሚያዝያ 10 ቀን ካርቱም ሲደርሱ በሱዳን የመሐዲ ዐመፅ ተቀጣጥሎ ነበር። ከ3 ዓመት በኋላ ካርቱም ራስዋ በመሐዲስቶች እጅ ወደቀች፤ የሱዳኑም በር ተዘጋ።

በ1886 ሁለተኛው ሙከራ ተደረገ። አሁን መንገዱ በሸዋ በኩል ነበር። መንገደኞቹ እንጦጦ ድረስ ገቡ። ከእንጦጦ እስከ ነቀምቴ ያለው ርቀት፣ እስከዚያ ካለፉት ጋር ሲነጻጸር፣ የጥቂት ሳምንት ጉዞ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ እንዲመለሱ አዘዙ። ኦኔሲሞስ ለሁለተኛ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ባሕር መልሰው የመጡበትን መንገድ ወረዱ።

ከ2 ዓመት በኋላ በ1888 ኖርዌያዊው ፍሪትዮፍ ናንሰን ከ5 ጓደኞቹ ጋር የግሪንላንድን የበረዶ ምድር በስኪ ተሻገረ፤ ስሙም በዓለም ተሰማ። እርሱ ሲነሣ ሆነ ብሎ ሰው ከሌለበት ከምሥራቁ ጠረፍ ስለ ጀመረ፣ ወደ ኋላ ቢመለስ የሚጠጋበት ስፍራ አልነበረውም፤ ወደ ፊት መሄድ ግድ ሆነበት። የዚያን ጊዜ ጋዜጦች ይህን ጀግንነት በሰፊው ጻፉ። በእምኩሉ ሙቀት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተሸንፎ ስለ ተቀመጠ አንድ አፍሪካዊ መምህር ግን የጻፈ ብዙ ጋዜጣ አልነበረም። እኛ የናንሰንን ክብር ልናሳንስ አንፈልግም። የምንለው ግን ይህ ነው፤ ወደ ፊት ብቻ መሄድ የሚጠይቀው ብርታት አንድ ነው፤ በበሩ ደጃፍ ከተመለሱ በኋላ ተስፋ ሳይቆርጡ ለዓመታት መቀመጥና መሥራት የሚጠይቀው ብርታት ደግሞ ሌላ ነው። ሁለተኛው በፊልም ለማሳየት ያስቸግራል፤ ፍሬው ግን የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

ኦኔሲሞስ በእምኩሉ ሲቀመጡ የያዙት ሥራ መጻሕፍትን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ነበር። ሥራው እየገፋ ሲሄድ ግን አንድ ከባድ ነገር ተገለጠላቸው። ከአገራቸው የተለዩት በልጅነታቸው ነበርና ኦሮምኛቸው የልጅ ኦሮምኛ ሆኖ ቀርቶ ነበር። አዋቂ በሸንጎ፣ ሽማግሌ በዕርቅ፣ እናት በለቅሶና በዘፈን የምትናገረውን ቋንቋ ሙሉ በሙሉ አላወቁትም። የባሪያ ነጋዴ የወሰደባቸው ነጻነታቸውን ብቻ አልነበረም፤ ቋንቋቸውንም ከግማሽ ቆርጦባቸው ነበር። ሙንዚንገር ነጻነቱን ሊመልስላቸው ቻለ፤ ቋንቋውን ሊመልስላቸው ግን አልቻለም።

በዚህ ጊዜ ነው ወይዘሮ አስቴር ጋኖ የተገኙት። እኒህ ሴት ከሊሙ እናርያ በባርነት የተወሰዱ ሲሆኑ፣ ወደ ዐረብ አገር ሲሻገሩ በ1886 የኢጣልያ የጦር መርከብ አስጥሏቸው ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት ገቡ። ከአገራቸው ከወጡ ብዙ ስላልቆዩ ቋንቋው በአፋቸውና በልቡናቸው ሙሉ ነበር። ለመዝገበ ቃላት የሚሆኑ ቃላትን ሰበሰቡ፤ 500 ያህል ተረት፣ ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ከትዝታቸው አውጥተው በጽሑፍ አኖሩ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ከኦኔሲሞስ ጋር ባዘጋጁት፣ በ1894 በታተመው ጀልቀበ ባርሲሳ በተባለው የጀማሪዎች ማንበቢያ ውስጥ ወጡ። ስለ ትርጉሙ ታሪክ የመረመሩ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ በኦኔሲሞስ ስም ከሚታወቀው የትርጉም ሥራ ብዙው የአስቴር ጋኖ ድካም ነው። እኛም የአንዱን ታሪክ ስንጽፍ የሌላይቱን ድርሻ መሸፈን ተገቢ ሆኖ አላገኘነውም።

አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ ተተርጉሞ በ1893 በእምኩሉ ማተሚያ ቤት ታተመ። መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊስ አገር፣ ባዝል ከተማ አጠገብ በምትገኘው በቅድስት ክሪሾና ታትሞ ወጣ። የታተመውም በእኛው በግዕዝ ፊደል ነበር። ኦሮምኛ የራሱ የሆኑ ድምፆች ስላሉት፣ በግዕዝ ፊደል ለመጻፍ ያን ጊዜ የተደረገው ድካም ቀላል አልነበረም። ከ1991 ወዲህ ኦሮምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለ ሆነ፣ ዛሬ ያን መጽሐፍ የሚያነብ ወጣት ጥቂት ነው። ቢሆንም ቋንቋው በመጽሐፍ መልክ ሰፍቶ የታየበት ታላቅ ሥራ ያ ነበር።

መጽሐፉ ተዘጋጀ፤ አንባቢዎቹ ግን ገና ከወንዞችና ከተራሮች ማዶ ነበሩ። መንገዱን በቅድሚያ የከፈቱት ሌሎች ናቸው። ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘማቴዎስ የተባሉት የሐማሴን ሰው ከዳንኤል ሉሉ ጋር በ1898 ወለጋ፣ ቦጂ ደርሰው ማስተማር ጀምረው ነበር። ገብረ ኤዎስጣቴዎስ በ1905 እሳት በተነሣ ጊዜ ሰው ለማዳን ሲሉ ሞቱ።

ኦኔሲሞስ በ1904 ወለጋ ገቡ። ከተሰረቁ 35 ዓመት ያህል ሆኖ ነበር፤ ዕድሜያቸውም ወደ 50 ተጠግቶ ነበር። ከእርሳቸው ጋር አስቴር ጋኖም መጡ። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በልጅነት ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በክብር ተቀበሏቸው። ኦኔሲሞስም በነቀምቴ ቤታቸውን ሠሩ፤ ትምህርት ቤትም ከፈቱ። በልጅነታቸው እየተነዱ የወጡበትን የምዕራብ ኢትዮጵያን ምድር አሁን በፈቃዳቸው፣ መጽሐፍ ይዘው ረገጡት።

ይሁን እንጂ የጉዞው ማብቂያ የመከራው ማብቂያ አልሆነም። ኦኔሲሞስ በኦሮምኛ መስበካቸው ሕዝቡን ሲስብ፣ በአካባቢው የነበሩ ካህናት ከሰሷቸው። በ1906 አዲስ አበባ ተጠርተው በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ ከአገር እንዲወጡም ተፈረደባቸው። ነገሩ ለዐፄ ምኒልክ ቀርቦ ፍርዱ ተሻሻለ፤ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ተፈቀደላቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን እንዳይሰብኩ ታዘዙ። የነገሩን አካሄድ ያየ ሰው አንድ ነገር ልብ ይላል። ከ20 ዓመት በፊት እንጦጦ ላይ ወደ ባሕር የመለሷቸው ንጉሥ፣ አሁን ንጉሠ ነገሥት ሆነው ወደ ነቀምቴ የሰደዷቸው እርሳቸው ናቸው።

ኦኔሲሞስ ትእዛዙን ተቀብለው ለብዙ ዓመታት በትምህርት ቤታቸው ሥራ ብቻ ተወሰኑ። ይህም ሌላ ዐይነት ክረምት ነበር፤ ወንዙ ሞልቶ መንገደኛው ከማዶ ተቀምጦ የሚጠብቅበት ወቅት። እርሳቸው ግን የተከለከሉትን ሲያማርሩ የተፈቀደላቸውን አልተዉም። ልጆች ፊደል ቆጠሩ፤ በእናታቸው ቋንቋም ማንበብ ተማሩ። በ1916 ልጅ ኢያሱ የመስበክ ፈቃድ የሚሰጥ ደብዳቤ ጻፉላቸው። ልጅ ኢያሱ በዚያው ዓመት ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም፤ ኦኔሲሞስም እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ማስተማራቸውንና መጻሕፍቱን ማደላቸውን ቀጠሉ። በ1931 ሰኔ 21 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓመተ ምሕረት፣ በዕለተ እሑድ በነቀምቴ ዐረፉ። ዕድሜያቸው 75 ገደማ ነበር።

ዛሬ ከአዲስ አበባ በአምቦ አድርጎ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው የ330 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለአውቶቡስ የአንድ ቀን ጉዞ ነው፤ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚሄደውም ዴዴሳን በድልድይ ይሻገራል። ወደ ሩቅ ወረዳ የተመደበ ወጣት ሠራተኛ ወይም ወደ ትምህርት ቤቱ የሚሄድ ተማሪ በመንገዱ ርዝመትና በጭቃው ሊማረር ይችላል፤ ምሬቱም ሁልጊዜ ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ከዚህ ሕይወት አንድ ጠቃሚ ሐሳብ ሊያገኝ ይችላል ብለን እናምናለን።

በረዶ ለብሰው የሚታዩት የፊልም ጀግኖች ጫፍ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ያነሣሉ፤ ተመልካቹም ያጨበጭባል። በኦኔሲሞስ ሕይወት እንዲህ ያለ ጫፍ ፈልገን አላገኘንም። ያገኘነው በፋማካ የተመለሰ ሕመምተኛ፣ በእንጦጦ የተመለሰ መንገደኛ፣ የገዛ ቋንቋው እንደ ጎደለው ዐውቆ ከእርሱ በዕድሜ ከምታንስ ሴት ለመማር ያላፈረ መምህር ነው። እስቲ በ1882 ፋማካን አልፈው ወለጋ ገብተው ቢሆን ኖሮ ብለን እናስብ። በእጃቸው በኦሮምኛ የተጻፈ መጽሐፍ አልነበረም፤ አስቴር ጋኖንም አላገኟቸውም ነበር፤ የልጅነት ኦሮምኛቸውን ብቻ ይዘው ይገቡ ነበር። ሁለቱ መመለሶች 22 ዓመት ወሰዱባቸው፤ መጽሐፉ የተሠራውም በእነዚያው ዓመታት ውስጥ ነው።

ወንዝ ሞልቶ ያስቀመጠው መንገደኛ ስንቁን ሲያዘጋጅ ከቆየ፣ ውኃው ሲጎድል ከሌላው ቀድሞ ይነሣል። ኦኔሲሞስ ነሲብ በባሕሩ ዳር ሲያዘጋጁት የቆዩት ስንቅ ከእርሳቸው አልፎ ለልጅ ልጅ ተርፏል።